ኤሊዋ፣ አኒሞኗና ወንበሩ

«ይች ከላይ ትጫን!» አለ የሚኒባሱ ረዳት፣ እጁን ወደ ዓባይነሽ ጭን እየሰደደ።

«ንካትና ታያለህ!» አለችው።

ረዳቱ እጁን ሰበሰበ። ዓባይነሽ ጭኗ ላይ አቅፋ በነጠላ የሸፈነችው ነገር ክብ፣ ሰፊና ጎበጥ ያለ ነው። ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ከዳንግላ መናኸሪያ ጀምረው በዓይናቸው ሲለኩት ቆይተው፣ ሚኒባሱ አስፋልቱን ሲይዝ አላስቻላቸውም።

«ድፎ ነው፣ ልጄ? የማን ድግስ ነው?»

«ድፎ አይደለም፣ እማማ። ኤሊ ናት።»

ሴትዮዋ አማተቡና የተቻላቸውን ያህል ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

ዓባይነሽ ሰው የሠራት ኤሊ መሆኗን ልትነግራቸው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ስለ ኤሊዋ ከጀመረች ስለ ልጇ ማውራቷ ነው፤ ስለ ልጇ ከጀመረች ደግሞ ስለ እህቷ፤ እህቷ ላይ ከደረሰች እስከ እንጅባራ ያለው መንገድ አይበቃትም። ዛሬ ከማንም ጋር ላትጣላ ለራሷ ቃል ገብታ ነው ከቤት የወጣችው። ከረዳቱ ጋር የሆነው አይቆጠርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ቤዛዊት እንጅባራ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። ትምህርት ቤቱ ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሲያከብር፣ የተመረጡ ተማሪዎች የሠሩትን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ለእንግዳ ያስረዳሉ። ዘንድሮ ለቤዛዊት በዕጣ የደረሳት የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸውን ሁለት የባሕር እንስሳት ማነጻጸር ነው። አንዷ የባሕር ኤሊ ናት። ሌላዋ አኒሞን ትባላለች፤ አበባ የምትመስል፣ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ የምትኖር እንስሳ። እንጅባራ የት፣ ባሕር የት! ዕጣ ግን ዕጣ ነው። ልጅቱም ሥራውን ለሁለት ሰው አከፋፈለችው።

«አኒሞኗን እማ ትሠራልኛለች፤ ቀርከሃ ቀርከሃ ትመስላለች» አለች በስልክ። «ኤሊዋን ደግሞ አንች፣ ዓባይ። ባሕር ያለበት አገር የኖርሽው አንች አይደለሽ?»

እማ የምትላት ይታይሽን ነው፤ የዓባይነሽን ታላቅ እህት። የወለደቻትን «ዓባይ» እያለች ነው የምትጠራት። «ዓባይ ደወለች፣ ዓባይ ላከች» ሲባል እየሰማች ያደገች ልጅ ሌላ ምን ትበል? ዓባይነሽ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ማወቋ ግን ቆሽቷ እንዳያርር አላደረገም።

ጅዳ የሄደችው ቤዛዊት አምስት ዓመት ሳይሞላት ነው። የልጅቱ አባት ገና ሳትወለድ ሰሊጥ አጭዳለሁ ብሎ መተማ ወርዶ በዚያው ቀልጧል። ይታይሽ ደግሞ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳይሰጣት፣ የባሏን የቀርከሃ ሥራ ይዛ ቀርታ ነበር። ልጅቱን እሷ ዘንድ ትታ ዓባይነሽ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ጠረገች። ዩኒፎርሙን የገዛው የዓባይነሽ ላብ ነው፤ ያለበሰቻት ግን ይታይሽ ናት። ጫማውን የገዛችው ዓባይነሽ ናት፤ ክሩን ያሰረችላት ይታይሽ። እንዲህ እያደረገች ስታስበው ውላ ታድራለች፤ ሒሳቡ አንድም ቀን ለእሷ አድልቶላት አያውቅም።

ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። አብራት የተመለሰች ጓደኛዋ ዳንግላ ቤት ስላገኘችላት እዚያ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍታለች። ቅዳሜና እሑድ ልጇን ለማየት ስትመጣ እንደ እንግዳ ጥሩ ነገር ይቀርብላታል። ይህ ጥሩ ነገር ነው ያንገበገባት። ዛሬ ግን ልቧ ቆርጧል። ዳንግላ ያለችው ክፍሏ ውስጥ አዲስ አልጋ አስገብታለች፤ ሮዝ አንሶላ አንጥፋበታለች። ቤዛዊት ዘጠነኛ ክፍልን እዚያ፣ ከወለደቻት ጋር ሆና ትማራለች። ይህን ዛሬ ዝግጅቱ ሲያልቅ በእህቷ ፊት ልትናገር ነው አመጣጧ።

አንድ ሌላ ነገርም ከንክኗታል፤ ወንበሩ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለእንግዶች ከሚሆን አግዳሚ በቀር መቀመጫ ስለሌለው፣ ጠረጴዛ የደረሰው ተማሪ ሁሉ ከቤቱ አንድ ወንበር ይዞ መጥቶ ከጎኑ ያስቀምጣል። ቦታው ጠባብ ነውና ከአንድ በላይ አይፈቀድም። ያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው የልጁ ወላጅ ነው፤ መምህሩም እንግዳውም እጅ የሚነሣው ለእሱ ነው። አምና፣ ካቻምና የተቀመጠችው ይታይሽ ነበረች። ዘንድሮ ማን ሊቀመጥ ነው? ይህን ዓባይነሽ አልጠየቀችም። የሚመልሱላትን ፈርታ ነው።

ሚኒባሱ አዲስ ቅዳምን አልፎ ዳገቱን ሲያያዘው ጉሙ ወረደ። ከመንገዱ ዳር የተደረደረው የከሰል ጆንያ ብቅ እያለ ይጠፋል። ዓባይነሽ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ኤሊዋን አየቻት። ድንጋይ ልብሷ የተደፋ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው፤ ላዩን በካርቶን ቅርፊት ለብዳ፣ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ቡናማና ወርቃማ ጥፍር ቀለም ቀብታዋለች። ለዚህ የፈጀችው የጥፍር ቀለም የሦስት ሙሽራ ነው። አንገቷ የተጠቀለለ ፎጣ፣ መቅዘፊያዎቿ ደግሞ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ።

መጀመሪያ የሠራቻት በአራት እግር የቆመች፣ ጫካ ውስጥ የምትሄደውን ዓይነት ኤሊ ነበር። በቪዲዮ ብታሳያት ቤዛዊት ጮኸችባት።

«ምንድን ነው እሱ! የባሕር ኤሊ እግር የላትም አላልኩሽም? መቅዘፊያ ነው ያላት! አትሰሚኝም እኮ አንች!»

ዓባይነሽ እንደገና ሠራቻት። ሰባት ዓመት ባሕር አጠገብ ብትኖርም ባሕሩን ያየችው አንዴ፣ ያውም በመኪና መስኮት መሆኑን አልነገረቻትም። የባሕር ኤሊ እንኳን በአካል በሕልሟም አላየችም። በደንብ የምታውቀው ሌላዋን ነው። የማዳሟ ሳሎን ውስጥ ትልቅ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ነበር፤ ገንዳው ውስጥ አንዲት ሐምራዊ አኒሞን። መስታወቱን ትወለውል የነበረችው ዓባይነሽ ናት። ጥላዋ ሲያርፍባት ጣቶቿን ስትሰበስብ፣ ትንንሾቹ ዓሦች ደንግጠው መሐሏ ሲወሸቁ ቆማ ታይ ነበር። አንድ ጠዋት አኒሞኗ ከድንጋይዋ ተነሥታ የገንዳው ማዕዘን ላይ ተገኘች። ማዳም «ነካክተሻት ነው» ብላ ቤቱን በጩኸት ቀወጠችው። ዓባይነሽ አልነካቻትም። ቦታው አልተመቻትም መሰል፣ በራሷ እግር ቀስ እያለች ሌሊቱን ነበር የሄደችው። ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም። ስለ ጅዳ የሚጠይቃት ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ስለ ወርቅ ነው።

ከእንጅባራ መናኸሪያ በባጃጅ ትምህርት ቤቱ ደረሰች። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ቤዛዊት ከበሩ አየቻትና ሮጣ መጣች፤ ሳትስማት ነጠላውን ገለጠችው።

«ዓይኗን ለምን አረንጓዴ አደረግሽው? ጥቁር ነው ብዬሽ ነበር እኮ!»

«ጥቁር ጥፍር ቀለም አልቆብኝ ነው...»

«ሁልጊዜ አንድ ነገር ታጎድያለሽ!» አለችና ኤሊዋን ተቀብላት ወደ ጠረጴዛዋ ይዛት ሄደች።

እሺ፣ ዓይኗ አረንጓዴ ነው። እንዴት ነሽ፣ መንገድ እንዴት ነበር የሚባል ነገር የለም? ዓባይነሽ ባዶ ነጠላዋን ይዛ ተከተለቻት። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ይታይሽን ነው። ይታይሽ አዲስ የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ባለ መደገፊያ፣ ባለ ክንድ፣ ልጥ የተጣፈበት ያማረ ወንበር።

ሁለተኛ ያየችው አኒሞኗን ነው፤ ይህኛው ከወንበሩ ባሰ። ይታይሽ ቀርከሃውን እንደ መኮረኒ አቅጥና ሰንጥቃ፣ ቀቅላ፣ በሰፌድ ቀለም ሐምራዊና አረንጓዴ ነክራዋለች። ስንጥሮቹ ከመሐል ተነሥተው፣ ጫፋቸው ተቆልምሞ፣ የሰው ትንፋሽ ሲነካቸው ይወዛወዛሉ። በመካከላቸው ከእንጨት የተጠረቡ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች በክር ተንጠልጥለዋል። ከበው የቆሙት ሰዎች «ወይ እጅ!» እያሉ ነው። ወርቃማዋን ኤሊ ግን አንዱ ሕፃን ብቻ ቀረብ ብሎ አያት፤ እሱም «ሳፋ!» አለ።

ዓባይነሽ ቀናች። የተደበቀ ነገር የለውም፣ እንደ ልጅ ነው የቀናችው፤ አኒሞኗን አንስታ ወለሉ ላይ ብትፈጠፍጣት ደስ ይላት ነበር። ዝቅ ብላ ስታይ ግን ዓይኗ የአኒሞኗ ግርጌ ላይ አረፈ። ይታይሽ አኒሞኗን ያቆመችው ከነሥሩ በተነቀለ የቀርከሃ ጉቶ ላይ ነው። ሥሩ ታጥቦ፣ ቡናማ ተቀብቶ፣ በትሪ ሙሉ አፈር ውስጥ በግራ በቀኝ ተዘርግቷል።

አኒሞን ሥር የላትም። እንስሳ ናት፤ ድንጋዩን የምትይዘው በእግሯ ነው። ዓባይነሽ ይህን ስታስብ ውስጧ የሆነ ነገር ሞቅ አለው። መምህሩ ይመጣል፣ ያያል፣ ይጠይቃል። ያን ጊዜ «ወይ እጅ!» ያሉት ሁሉ ምን እንደሚሉ እናያለን።

«ነይ እንጂ፣ ዓባይ! ተቀመጭ» አለች ይታይሽ፣ ከወንበሩ ተነሥታ ቀሚሷን እያራገፈች።

«ኧረ ተቀመጭ፣ እታለም። ወንበሩ ያንች ነው።»

«ከመንገድ የመጣሽው አንች ነሽ።»

«ተቀምጬ ነው የመጣሁት።»

«በሞቴ!»

«ኧረ አልቀመጥም አልኩሽ!»

ይታይሽም አልተቀመጠችም። ሁለቱ እህትማማቾች በወንበሩ ግራና ቀኝ እንደ ዘበኛ ቆሙ፤ ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ከአጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ የመጡት አያ ይኸነው በዱላቸው ተደግፈው ጥቂት አስተዋሉ።

«ባለቤት የለውም ይኸ?» አሉ።

«ይቀመጡ አያ፣ ይቀመጡ» አሉ ሁለቱም እኩል። አያ ይኸነው ተቀመጡ፤ ክንዱን ዳሰስ፣ መደገፊያውን ገፋ አደረጉና «እግዜር ይስጣችሁ፣ ምቹ ነው» ብለው ዓይናቸውን ከደኑ።

ይታይሽ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ዓባይነሽ ወደ ልጇ ጠጋ አለች።

«ቤዛ፣ ያ ሥር...»

«ቀስ በይ!» አለች ቤዛዊት ወደ በሩ እያየች። «አውቃለሁ። ሥር የላትም።»

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?»

«ከጓሮ ያለውን ትልቁን ቀርከሃ ቆፍራ ነቅላ እኮ ነው! ዝናብ እየመታት። አጥባ፣ አድርቃ፣ ‹ሥር ከሌላት በምን ትቆማለች?› ብላ... ስታሳየኝ እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር ብታይ። ምን ልበላት?»

«መምህሩ ቢጠይቅሽስ?»

«አይጠይቅም።»

«ቢጠይቅሽስ?»

ቤዛዊት የዩኒፎርሟን እጅጌ ጎተተች። «ዝም እላለሁ።»

ለዓባይነሽ ኤሊ እግር አይሆንም ተብሎ ተጮኸ፣ ዓይን አረንጓዴ ሆነ ተብሎ ተጮኸ። ለይታይሽ ግን ከነሥሯ የበቀለች እንስሳ ሲመጣ «ምን ልበላት» ተብሎ ታለፈ። ልጅቱ ውጤቷን ልታጣ፣ በሰው ፊት ልታፍር ቆርጣለች፤ ያች ሴት እንዳይከፋት። እንዲህ የሚወደድ ሰው አለ ማለት ነው። ደግሞ አጠገቤ፣ ደግሞ እህቴ።

ይታይሽ ውኃውን ይዛ ከተመለሰች በኋላ መምህር ሀብቱ ሁለት እንግዶችን አስከትለው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየጠየቁ መጡ። የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚያወሩ፣ ተማሪ ግን ከሚጮኸው መምህር ይልቅ የሚፈራቸው። አያ ይኸነውን ሲያዩ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። አያ ይኸነው አንድ ዓይናቸውን ከፍተው «እንደምን አደራችሁ» አሉና መልሰው ከደኑት።

«እሺ ቤዛዊት፣ ጀምሪ» አሉ መምህሩ።

ቤዛዊት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሁለቱም የባሕር እንስሳት ናቸው። ሁለቱም የመጥፋት አደጋ አለባቸው። አኗኗራቸው ግን አይገናኝም። የባሕር ኤሊ ተጓዥ ናት። በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ ትሄዳለች። እንቁላሏን ለመጣል ግን ራሷ ወደተፈለፈለችበት አካባቢ ትመለሳለች። አሸዋውን ቆፍራ እንቁላሏን ትቀብርና ተመልሳ ወደ ባሕር ትገባለች። ልጆቿን አታያቸውም። ሲፈለፈሉ ማንም የለም፤ ብቻቸውን ነው ወደ ውኃው የሚሮጡት።»

ዓባይነሽ ነጠላዋን ጨመደደች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሷ የዞረ መሰላት። ማንም አልዞረም።

«አኒሞን ግን ተጓዥ አይደለችም» ቀጠለች ቤዛዊት፣ ድምፅዋ አሁን ረግቶላታል። «አንድ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ ለብዙ ዓመት ትኖራለች። ጣቶቿ ይናደፋሉ፤ ሌላ ዓሣ አይቀርባቸውም። እነዚህን ትንንሽ ዓሦች ግን አትጎዳቸውም። የእሷ ልጆች አይደሉም፤ ግን መሐሏ ያድጋሉ፤ ከጠላት ትሸሽጋቸዋለች።»

ይታይሽ አንገቷን ደፋች። የተመሰገነች ሙሽራ ይመስል! ዓባይነሽ አየቻት፤ ጥርሷን ነከሰች።

ከእንግዶቹ አንዷ ፈገግ ብላ ጠየቀች። «አንዷን ብቻ ማትረፍ ቢቻል የትኛዋን ታተርፊያለሽ?»

ቤዛዊት አንዴ ኤሊዋን፣ አንዴ አኒሞኗን አየች። ወደ ሁለቱ ሴቶች አላየችም። «ባሕሩ ከመጠን በላይ ከሞቀ አኒሞኗ ነጥታ ትሞታለች። አሸዋው ከመጠን በላይ ከሞቀ ደግሞ የኤሊዋ እንቁላል ይበላሻል። የሚያጠፋቸው አንድ ነገር ነው። አንዷ ብቻ የምትተርፍበትን መንገድ... አላገኘሁም።»

መምህር ሀብቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የወደዱት ይመስላሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ወደ ትሪው ጎንበስ አሉ።

«አኒሞን እንስሳ ናት ብለሻል።»

«አዎ፣ መምህር።»

«ታዲያ ይህ ሥር ምን ይሠራል?»

ቤዛዊት ዝም አለች። እንዳለችው ዝም አለች። ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ። ከኋላ አንድ ተማሪ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ይታይሽ በመጀመሪያ አልገባትም ነበር፤ ሥሩን አየች፣ መምህሩን አየች፣ ልጅቱን አየች፤ ከዚያ ገባት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀርከሃ የሰነጠቀ፣ የተጫጫረ፣ ጥፍሩ ሥር የሰፌድ ቀለም የቀረበት እጅ ነው።

ዓባይነሽ ስትጠብቀው የነበረው ሰዓት ይህ ነው። አሁን አፏን ብትከፍት ስለ ገንዳው፣ ስለ ሐምራዊዎቹ ጣቶች፣ በሌሊት ስለሄደችው እግር ትናገራለች፤ መምህሩም እንግዳውም ልጇም ጆሮ ይሰጧታል። ባሕር አገር የኖረችው እሷ አይደለች? እህቷም የሚገባትን ታገኛለች። ግን የይታይሽን እጅ አየች፤ የልጇን አንገት አየች። ሙቀቱ ከውስጧ ወጥቶ ሄደ።

«መምህር» አለች። «ሥሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞሩ። አሁን በእውነት ዞሩ።

«ልጅቱ ሥር የላትም ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ፣ ካልተተከለች በምን ትቆማለች ብዬ በግድ ያስደረግሁት። ባሕሩንም ደጋ መስሎኝ።»

ሰው ሳቀ። መምህር ሀብቱም ፈገግ አሉ። ቤዛዊት ግን አልሳቀችም። እናቷን ትኩር ብላ አየቻት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ በመላ አዳራሹ ፊት እግሯን መሬቱ ላይ መታች።

«ዓባይ ደግሞ! መቼ ነው የምትሰሚኝ አንች? ነግሬሽ ነበር እኮ!»

«አትቆጫቸው» አሉ መምህሩ። ወደ ዓባይነሽ ዞሩ። «እርስዎ ምኗ ነዎት?»

ዓባይነሽ ከመመለሷ በፊት ቤዛዊት መለሰች። «እናቴ ናት» አለች እንደተቆጣች። «እንዲህ ናት። አትሰማም።»

ሽልማቱን ከሰባራ ብስክሌት የውኃ መሳቢያ የሠራው ልጅ ወሰደው። ለቤዛዊት የምስጋና ጭብጨባ ተደረገላት። ሰዉ ሲበተን እሷ ከጓደኞቿ ጋር ፎቶ ልትነሣ ወጣች፤ አያ ይኸነውም ተቀስቅሰው፣ ወንበሩን መርቀው ሄዱ። ሁለቱ እህትማማቾች ብቻቸውን ዕቃ መሰብሰብ ያዙ። ይታይሽ አፈሩን ከትሪው ስታራግፍ ለራሷ በአውንጊ የሆነ ነገር አጉረመረመች፤ ስታፍር ወደ እናታቸው ቋንቋ ነው የምትሸሸው።

«ለምን ዋሸሽ?» አለች ኋላ፣ ቀና ሳትል።

«ምን ዋሸሁ?»

«ሥሩን እኔ ነኝ የነቀልኩት። አንች እዚህ አልነበርሽም።»

«እሱማ አልነበርኩም» አለች ዓባይነሽ። የተናገረችው ለራሷም ከበዳት።

ይታይሽ ጉቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ልጅቱ ታውቅ ነበር፣ አይደል? ሥር እንደሌላት።»

ዓባይነሽ ነጠላዋን ማጣጠፍ ያዘች።

«ታውቅ ነበር። ዝም አለችኝ። ይኸውልሽ ዓባይ፣ እኔን ተቆጥታኝ አታውቅም። አንድ ቀን! የሠራሁላት ወጥ ቢያርም ‹ይጣፍጣል› ነው የምትለኝ። ቀሚስ ቢጠባት ‹ልኬ ነው› ትለኛለች። ሰው ቤት እንዳደረ እንግዳ ነው የምትሆንብኝ። ያን ሰሞን በስልክ ‹እግር የላትም አላልኩሽም!› ብላ ስትጮህብሽ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ዛሬ ደግሞ እግሯን ስትመታብሽ አየሁ።» ትሪውን ወደ ጎን ገፋችው። «ቀናሁብሽ። እግዜር ይይልኝ፣ ቀናሁብሽ።»

ዓባይነሽ በዚህች ሴት ስትቀና ሁለት ዓመት ኖራለች፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ይታይሽም ቆማ ወደዚህ ስታይ ነበር ማለት ነው። ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። በዚያ ላይ፣ እውነቱን እንናገር፣ ጥቂት ደስም አላት።

«ልትወስጃት እንደመጣሽ አውቃለሁ» አለች ይታይሽ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «አልጋ ገዝተሻል። አልጋውን የጫነልሽ ሹፌር የጎረቤታችን የየምስራች ባል ነው። ሮዝ አንሶላ ነው አሉ።»

«ወሬ!»

«አልከለክልሽም። ልጅሽ ናት። ግን ውሰጃት እንድል አትጠብቂኝ፤ አፌ እሽ አይለኝም።»

ቤዛዊት እየተፍለቀለቀች ተመለሰች። ኤሊዋን ራሷ ላይ እንደ ቆብ ደፋቻት፤ ሳፋ አይደለች፣ ልክክ አለች። ሦስቱም ዕቃውን ተከፋፍለው ወደ በሩ ወጡ። ካፊያ ጀምሯል። ሁለት ባጃጅ ቆሟል፤ አንዱ ወደ መናኸሪያ፣ አንዱ ወደ ይታይሽ ቤት መታጠፊያ።

ይታይሽ ወንበሩን አንስታ የመናኸሪያው ባጃጅ ጋ አስጠጋችው። «ይኸን ይዘሽው ሂጂ። ላንች ነው የሠራሁት።»

«ለእኔ?»

«ታዲያ ለማን? እኔ ባለ መደገፊያ ምን አውቅበታለሁ? በርጩማ ነው የለመድኩት። ሠርቼ ስጨርስ ይጠነክር እንደሆን ልየው ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩበት። አንች ደግሞ ‹ያንች ነው፣ ያንች ነው› ብለሽ ገተርሽኝ።»

«ይኸው ለአያ ይኸነው ሆነ» አለች ቤዛዊት ከሳፋው ሥር።

ዓባይነሽ ወንበሩን አየችው። ዳንግላ፣ ከአዲሱ አልጋ አጠገብ፣ በመስኮቱ በኩል ልክ የሚሆን ቦታ አለ። ልቧ ዛሬ ጠዋት የቆረጠበትን ነገር አፏ ላይ አመጣችው፤ ሦስት ቃል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ቤዛዊት ዝናቡን እየሸሸች ሳታውቀው የይታይሽ ጋቢ ሥር ገብታ ነበር። ይህንንም አየችው። ቅናቱ እንደገና ቆነጠጣት፤ እንዲህ በአንድ ቀን የሚወጣ ነገር አይደለም።

ወንበሩን በክንዱ ያዘችና ከመናኸሪያው ባጃጅ አንስታ ወደ ሌላኛው አዞረችው።

«ቤት ይቀመጥ» አለች። «ስመጣ እኔ እቀመጥበታለሁ። ሌላ ሰው እንዳታስቀምጡበት።»

ይታይሽ «አልጋውስ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አልጋው የት ይሄዳል? ቤዛ ክረምቱን አንዳንዴ መጥታ ታድርበት። ከፈለገች።» ፊቷን ወደ ካፊያው አዞረች። «አንችም ብትመጭ ይበቃናል፣ ሰፊ ነው።»

ባጃጁ ውስጥ ገብታ መሄድ ሲጀምር ቤዛዊት ሳፋውን ከራሷ ላይ አውልቃ ጥቂት ተከተለቻት።

«ቅዳሜ ጥቁር ጥፍር ቀለም ይዘሽ ነይ!» ጮኸችባት። «ዓይኗ እንዲህ ሆኖ አይቀርም! ደግሞ እንዳትረሽ!»

«እሺ!» አለች ዓባይነሽ። ወደ ኋላ ዞራ አየች። ይታይሽ ወንበሩን ከዝናቡ በጋቢዋ ጫፍ ስትሸፍን ነበር።